አብረው ጀምረው አንዱ ብቻ ለምን በሱስ ተያዘ?

ሁለት ወንድማማቾች ያሉበትን ቤት ያስቡ። ሁለቱም ጫት የጀመሩት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለፈተና ሲያነቡ ነው። ታላቅየው ተመረቀ፣ ሥራ ያዘ፣ ጫቱንም ሳያስበው ተወው። ታናሽየው ግን ዛሬም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሐራራው ይነሳበታል። ካልቃመ ይነጫነጫል፤ ከቃመ እንቅልፍ የለውም፤ ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ ጨብሲ ይወጣል። እናት «አንድ ማኅፀን፣ አንድ ማዕድ! ይሄኛውን ምን ነካብኝ?» ትላለች። ይህ ቤት የእርስዎ ካልሆነ የጎረቤትዎ ሊሆን ይችላል።

አብዛኞቻችን «ልፍስፍስ ስለሆነ ነው» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። እንደ አምፌታሚንና ኮኬይን ሁሉ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ከወትሮው በላይ እንዲበዛ ያደርጋል። ዶፓሚን ለአንጎል «ይህን ነገር ድገመው» ብሎ ይነግረዋል። እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች ደንበኛ ተመልሶ እንዲመጣ ስንት እንለፋለን፤ ዶፓሚን ግን ያለ ማስታወቂያ ይመልሰዋል።

ዶፓሚን ግን ብቻውን አይሠራም። ሴሮቶኒን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር አለ። በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው። የአንጎሉን ድርሻ የሚያመርቱት ግን በአንጎል ግንድ ያሉ ጥቂት ሕዋሳት ናቸው፤ ከዚያ ተነስቶ ወደ መላው አንጎል ይሰራጫል። ስሜትን፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ይነካል። ከሱስ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ይበልጥ ይገርማል።

በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በክርስቲያን ሉሸር የሚመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣውን ጥናት ይመልከቱ። አይጦች በራሳቸው ፈቃድ ኮኬይን እንዲወስዱ ተደረገ፤ ቆይቶ ግን ኮኬይኑ ከሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር ይመጣ ጀመር። አብዛኞቹ ተዉት። 20 በመቶ ያህሉ ግን እየተቀጡም ቀጠሉ። እነዚህ አይጦች በዘር ከወንድማማችም በላይ ይቀራረባሉ፤ የእናትየዋ ጥያቄ እዚያም ነበር ማለት ነው። ኮኬይን ዶፓሚንንም ሴሮቶኒንንም ይጨምራል። ተመራማሪዎቹ ኮኬይኑ ሴሮቶኒንን እንዳይነካ አድርገው ሙከራውን ሲደግሙት፣ እየተቀጡም የሚቀጥሉት ወደ 60 በመቶ አሻቀቡ።

ሴሮቶኒን ፍሬን ሆኖ ነበር ማለት ነው። ከዓይናችን በላይ ጥቅምና ጉዳትን የሚመዝን የአንጎል ክፍል አለ። እሱን ልማድ ከሚይዘው ጥልቅ ክፍል ጋር የሚያገናኘው መስመር ከልክ በላይ ሲጠነክር፣ ሰው እየተጎዳም አያቆምም። ሴሮቶኒን መስመሩ እንዳይጠነክር ይይዘዋል።

አይጥ ሰው አይደለም፣ ጫትም ኮኬይን አይደለም፤ ቅጠል ቀስ እያለ ነው የሚሠራው። ነገር ግን ካቲኖን ዶፓሚንን በብርቱ ሲጨምር ሴሮቶኒንን የሚነካው በጥቂቱ ነው። እዚህ ላይ እኔ በግሌ ቆም ብዬ አስቤያለሁ።

«ታዲያ ሴሮቶኒን የሚጨምር ኪኒን እንግዛለት» ይሉ ይሆናል። እባክዎ አይግዙ! ለድባቴ የሚታዘዙት እነዚህ መድኃኒቶች ለአነቃቂ ሱስ ተሞክረው ውጤታቸው አላረካም። ከአንዳንድ አነቃቂዎች ጋር ሲደባለቁም ሴሮቶኒን ከመጠን አልፎ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና ከባድ የልብ ምት ሊያመጣ ይችላል። እስካሁን የተሻለ የሠራው የምክር አገልግሎትና ሳይወስዱ ለቆዩበት ቀን የሚሰጥ ትንሽ ሽልማት ነው። «ሽልማት ለሱሰኛ?» ብለው አይሳቁ፤ ዶፓሚን የሚገባው ቋንቋ ይኸው ነው።

ታናሽየው ለማቆም ሲወስን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። ይደክመዋል፣ ይከፋዋል፣ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል። ስንፍና ነው ብለው አይቆጡት። ሐዘኑ ከበረታ ወይም መኖር እንደማይፈልግ ከተናገረ በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሐኪም ይውሰዱት። ከሁሉም የምትከብደው ያቺ የስምንት ሰዓቷ ሰዓት ናት። ታላቅየው ሥራ ላይ ከሆነ ሌላ የሚወደው ሰው በዚያች ሰዓት ደውሎ ያጫውተው፣ ወይም ከቤት ይዞት ይውጣ።