የክፍያ መንገድ ሲገነባ የአርሶ አደሩ ፈቃድና መብት

ዲላ፡- ከዲላ በስተደቡብ የምትገኘው ጪጩ፣ ከአዲስ አበባ በሀዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ ያለች የጌዴኦ ዞን አነስተኛ ከተማ ናት፡፡ የሞጆ-ሀዋሳ የፍጥነት መንገድ ፕሮጀክት መዳረሻው ሀዋሳ በመሆኑ በጪጩ የሚያልፈው መንገድ ክፍያ አይጠየቅበትም፡፡ መሰል መንገድ ወደ ደቡብ ቢቀጥል ግን አርሶ አደሩ ይዞታውን ለመልቀቅ ፈቃዱ ይጠየቃል ወይ የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፡፡

በህገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የህዝብ ነው፡፡ በመሆኑም አርሶ አደሩ የመሬቱ ባለይዞታ እንጂ ባለቤት ባለመሆኑ አይሸጠውም፤ ለህዝብ ጥቅም ሲፈለግም የእሱ አለመስማማት ብቻ ፕሮጀክቱን አያስቆምም፡፡ ይሁንና ያው አንቀጽ ለንብረቱ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል፡፡ አንቀጽ 92 ደግሞ ህብረተሰቡ በቀጥታ በሚመለከቱት ፕሮጀክቶች ላይ እንዲመክር መብት ሰጥቷል፡፡

በ1997 ዓ.ም የወጣውን አዋጅ የተካውና በኋላም ማሻሻያ የተደረገበት የ2011 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1161 ተነሺዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ እንዲመከሩ ደንግጓል፡፡ መሬቱ በአስቸኳይ ሲፈለግ ጊዜው ሊያጥር ይችላል፡፡ የመነሻ ትዕዛዝ የደረሰው ሰው ቅሬታ ካለው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ያቀርባል፤ በውሳኔው ካልረካም ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤና ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፡፡

የካሳ ስሌቱ በጌዴኦ የተለየ ትርጉም አለው፡፡ በጠባብ ማሳ ላይ እንሰት፣ ቡናና የጥላ ዛፍ በአንድነት የሚለሙበት የአካባቢው ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፡፡ የቀድሞው አዋጅ የመፈናቀያ ካሳን የሚያሰላው የአምስት ዓመታትን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 በማባዛት ነበር፡፡ የ2011ዱ አዋጅ ምትክ መሬት ሳያገኝ በዘላቂነት ለሚነሳ አርሶ አደር ከሦስቱ ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ አድርጓል፡፡ ቡና አንድ ዓመት በብዛት አፍርቶ በቀጣዩ የሚቀንስ ተክል በመሆኑ ለውጡ አምራቹን ይጠቅማል፡፡

ቡናውን የሸጠበትን ደረሰኝ ያስቀመጠ አምራች ገቢውን በቀላሉ ያስረዳል፡፡ በጓሮ ተተክሎ ለዓመታት የሚጠበቀውና ቤተሰቡ የሚመገበው እንሰት ግን ደረሰኝ የለውም፡፡ ስለሆነም ንብረት በሚቆጠርበት ጊዜ ባለይዞታው በቦታው ተገኝቶ እያንዳንዱ ተክል ከነዕድሜው መመዝገቡን ማረጋገጥ ይኖርበታል፡፡

በ2007 ዓ.ም አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ እንደሚያሳየው የክፍያ መንገድ የሚታጠር፣ መግቢያና መውጫውም የተወሰነ ነው፡፡ መንገዱ ማሳውን ለሁለት የሚከፍልበት አርሶ አደር ወደ ቀሪው ይዞታው፣ ወደ ውሃና ወደ ገበያ በየት እንደሚሻገር መጠየቅ ያለበት ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ነው፡፡ የባለይዞታው ቃል ክብደት የሚኖረውም በዚህ ምክክር ወቅት ነው፡፡