ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ምን ይቆጠራል?

ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ሙሉ በሙሉ አፈረሰ። በካራ ቆሬ ከነበሩት ቤቶች 45 በመቶው ወደቁ። ከካራ ቆሬ በስተ ሰሜን 17 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋና መንገድ በመሬት መንሸራተትና በስንጥቅ ተበላሸ፤ 5,000 ሰው ያለ መጠለያ ቀረ። ይህን ዛሬ የምናውቀው የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱት ፒየር ጉዌን መረጃውን ሰብስበው ስላቆዩልን ነው።

በደቡብ ወሎ ቦረና የምትገኘው መካነ ሰላም ከካራ ቆሬ ወደ ምዕራብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ንዝረት በራቀ ቁጥር ይዳከማል፤ ወደ ዓባይ የሚወርደው ገደላማ መሬት ግን ዝናብ ሲጠግብ በራሱም ይንሸራተታል። ስለዚህ ጥያቄው የቦረናንና የአካባቢውን ደጋ ሰው ይመለከታል፦ አደጋ ቢደርስ ጉዳቱ በምን ይለካል?

የመጀመሪያው ስሌት ማንም ቦታው ሳይደርስ ይሠራል። የንዝረት መመዝገቢያ ጣቢያዎች የመሬት መንቀጥቀጡን ቦታ፣ ጥልቀትና መጠን ያሳያሉ። ባለሙያዎች ንዝረቱ በየአካባቢው ምን ያህል እንደበረታ ገምተው፣ በዚያ ከሚኖረው ሕዝብና ከቤቶቹ ዓይነት ጋር ያገናዝቡታል። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ እንዲህ ያለውን ግምት በግማሽ ሰዓት ገደማ ያወጣል። የቤቱ ዓይነት ብዙ ይወስናል፤ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ከባድና ተሰባሪ ሲሆን፣ በእንጨት የተማገረ የጭቃ ቤት ግን ንዝረቱን በተሻለ ይቋቋማል።

ቀጥሎ ሳተላይት ይመጣል። የራዳር ምስል ደመናን አልፎ ስለሚያይ በክረምትም የተናደውን ተዳፋት ያሳያል። የተሰነጠቀ ግድግዳንና የደረቀን ምንጭ ግን የሚያየው በእግሩ የሄደ ሰው ነው።

ቆጠራው የወደመውን ንብረት ብቻ ከያዘ ግማሽ ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያዋ አቼ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ በኋላ፣ ወር ሳይሞላ የወጣው ግምት 4.45 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ 66 በመቶው የፈረሰው ንብረት፣ 34 በመቶው ደግሞ ሥራ በመቋረጡ የቀረ ገቢና ተጨማሪ ወጪ ነው። በአገራችንም በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደጋገም፣ ቤታቸው ያልፈረሰባቸው ሰዎች ጭምር እርሻቸውንና ከብታቸውን ትተው ከቀያቸው ተነሥተዋል።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ይህ ሁለተኛው ኪሳራ ሊከብድ ይችላል። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ በናዳ ቢዘጋ፣ የጥገናው ወጪ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያው ሳይደርስ የዘር ጊዜ ካለፈ ግን የዓመቱ ቀለብ ይጎድላል፤ ምጥ የያዛት እናት ሆስፒታል አትደርስም። በሬው የሞተበት ገበሬ የሚያጣው የበሬውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሳይታረስ የቀረው ማሳም አብሮ ይቆጠራል።

ከአደጋ በኋላ የቀረውን ለማወቅ አስቀድሞ የነበረውን ማወቅ ግድ ይላል። እያንዳንዱ ቀበሌ የቤቶቹን ዓይነት፣ ምንጮቹን፣ ድልድዮቹን፣ ከብቱንና የሚዘራበትን ወቅት ዛሬውኑ መዝግቦ፣ አንዱን ቅጂ ከቀበሌው ውጭ ቢያስቀምጥ፣ እርዳታው በግምት ሳይሆን በልክ ይደርሳል። ለዚህ መዝገብ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክሪብቶና አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሦስቱም በየቀበሌው አሉ።