በካንሰሩ ውስጥ የሚነቃ መድኃኒት

በአንበሳሜም ሆነ በደብረ ታቦር ባልትና የምታውቅ እመቤት ሁሉ እንደምትረዳው፣ ሰናፍጭ ደርቆ ሲፈጭ አፍንጫ አይቆጠቁጥም፤ ውሃ ነክቶት ሲታሽ ግን ዓይን ያስለቅሳል። ምክንያቱም በፍሬው ውስጥ የማያቃጥል ቅመምና ያንን ቅመም ወደሚያቃጥል ነገር የሚለውጥ ኤንዚም ተለያይተው ይኖራሉ፤ ሲፈጩና ውሃ ሲያገኙ ተገናኝተው ኃይሉ ይነቃል።

ሊቃውንት የፕሮስቴትን ካንሰር ለማከም ከሚደክሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ይህንኑ ይመስላል። ፕሮስቴት በወንዶች ከሽንት ፊኛ በታች የሚገኝ እጢ ነው። ካንሰርን የሚገድል ብርቱ መድኃኒት ጤነኛውንም ሕዋስ ስለሚጐዳ፣ መድኃኒቱ በታመመው ስፍራ ብቻ እንዲነቃ ማድረግ ታሰበ። ይኸውም ጉንፋን ከሚያስይዙት ቫይረሶች አንዱ እንዳይራባ ከተደረገ በኋላ፣ ኤንዚም የሚያሠራ ጂን ተጭኖበት በመርፌ ወደ እጢው ይገባል። ጂኑ የተወሰደው ከሄርፒስ ቫይረስ ነው። ቀጥሎም ሕመምተኛው ቫላሳይክሎቪር የተባለውን ክኒን ይውጣል። ክኒኑ ኤንዚሙን ባገኘበት ስፍራ፣ በመባዛት ላይ ያለውን ሕዋስ ወደሚገድል መርዝ ይለወጣል፤ የሚሞቱትም ሕዋሳት የሰውነትን መከላከያ ኃይል ያነሣሣሉ።

ዘዴው ከጨረር ሕክምና ጋር ተጣምሮ በ745 ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት ተፈትኖ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በተነገረው ውጤት መሠረት የካንሰሩ መመለስ ወይም የሞት አደጋ በ30 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል፤ ዕድሜን ማራዘሙ ግን በዚያ ውጤት አልተረጋገጠም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በጥናቱ የገቡት ካንሰሩ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ያልተሰራጨባቸው ሰዎች መሆናቸው ነው። በአገራችን ግን ብዙ አባቶች ሽንት ሲቀጥንባቸውና ሌሊት ደጋግሞ ሲያስነሣቸው «እርጅና ነው» ብለው ይታገሣሉ፤ ነገሩም ስለሚያሳፍር ለልጃቸው እንኳ አይናገሩም። ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ብዙ ጊዜ በሽታው ወገብና አጥንት ከያዘ በኋላ ነው። በእርግጥ ይህ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ የእጢ ማበጥ ነው፤ ካንሰሩም በመጀመሪያው ጊዜ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ለይቶ የሚነግር የሐኪም ምርመራ ብቻ ነው።

የሳይንስ ጥበብ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ዘግይቶ ለመጣ ሕመምተኛ የሚያደርገው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለበዓል ጋቢ ገዝቶ ወደ አገሩ የሚገባ ተማሪና ወጣት ሠራተኛ ሁሉ፣ «አባባ፣ ሽንትዎ እንዴት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ አይፈር፤ ጠይቆም እስከ ሐኪም ቤት ይሸኛቸው።