የታማሚው ምስጢር አማና ነው

ተላላፊ በሽታ ሲከሰት የጤና ባለሙያ ታማሚውን «ሰሞኑን ከማን ጋር ነበርክ? የት ሰገድክ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ የንክኪ ልየታ ይባላል። ዓላማው ከታማሚው ጋር የተቀራረቡ ሰዎች በሽታውን ሳያውቁት ለሌላ ከማስተላለፋቸው በፊት ደርሶ ማስጠንቀቅና መመርመር ነው። በኮቪድ ጊዜ ስሙ ገነነ እንጂ ለሳንባ ነቀርሳና ለኩፍኝም ይሠራበታል።

ይሁን እንጂ ሥራው የሰውን ምስጢር ይነካል። ማን ማንን እንደጎበኘ፣ የት እንዳመሸ ያሳያልና። ኢስላም ደግሞ ነፍስ እንዲጠበቅ እንዳዘዘ ሁሉ የሰው ክብር እንዳይደፈርም አዟል። ታዲያ ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ?

የሲንጋፖር ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። አገሪቱ በማርች 2020 እ.ኤ.አ. «ትሬስቱጌዘር» የተባለ የሞባይል ፕሮግራም አወጣች። የተቀራረቡ ስልኮች በብሉቱዝ ይመዛገቡ ነበር። መዝገቡ በስልኩ ውስጥ 25 ቀን ይቆይ ነበር፤ ለጤና ባለሥልጣናት ይደርስ የነበረውም ባለቤቱ በበሽታው ሲያዝ ነበር። መንግሥትም መረጃው ለንክኪ ልየታ ብቻ እንደሚውል ቃል ገብቶ ነበር። በጃንዋሪ 2021 ግን ፖሊስም ለወንጀል ምርመራ ሊወስደው እንደሚችል ለፓርላማ ተነገረ። ብዙዎች ቅር ተሰኙ። በቀጣዩ ወር የወጣው ሕግ የፖሊስን ፈቃድ በሰባት ከባድ የወንጀል ዓይነቶች ወሰነው። ፕሮግራሙ በ2023 ሥራውን አቁሟል።

ወንጀለኛን መያዝ ተገቢ ነው። ጉዳቱ ግን ለአንድ ጉዳይ በአማና የተሰጠ መረጃ ለሌላ መዋሉ ነው። አመኔታው የጎደለ ሰው ይደብቃል፤ እሱ ሲደብቅ ደግሞ ሕፃኑና አዛውንቱ ሳይመረመሩ ይቀራሉ።

ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፦

• ባለሙያው ከየት እንደመጣ ያረጋግጡ፤ መረጃውን ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋም ይጠይቁ። ከዚያ እውነቱን ሳይሸሽጉ ይንገሩ።

• ለተቀራረቡ ሰዎች «ከታመመ ሰው ጋር ተገናኝታችኋል» ማለት ይበቃል፤ ስም መጥራት አያስፈልግም።

• በወረርሽኝ ጊዜ መስጂድ ሰጋጆችን ከመዘገበ ስም፣ ስልክና ቀን ይበቃል። መዝገቡን አንድ ታማኝ ሰው ይያዘው፤ ባለሙያዎች የወሰኑት የክትትል ጊዜ ሲያልፍም ይቃጠል።

• የታማሚን ስም በስልክ መልእክትም ሆነ በጀማዓ መሃል አያሰራጩ። ይህ ሐሜት ነው፤ ሌላውንም ታማሚ ያስደብቃል።

አላህ ለታመሙት አፊያ ይስጥልን፤ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን!