የመስከረም ቅዳሜ፦ ክር፣ አፈርና ቡና

አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ ከመስቀል ወዲህ ማፈግፈግ ሲጀምር የኔ ቅዳሜም ይቀየራል። ክረምቱን ሙሉ መብራት ሥር ስሠራው የከረምኩት ዳንቴል ወደ በረንዳ ይወጣል፤ መኮትኮቻውና ውሃ ማጠጫው ከተወሸቁበት ይጎተታሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሂሳብ መዝገብ ላይ አፍጥጬ ስለምውል፣ ቅዳሜ ዕለት እጄ የሚነካው፣ የሚጨበጥ ነገር ያምረኛል። «ተኝተሽ ብታርፊ አይሻልሽም?» የሚሉኝ አሉ። ቀን ተኝቼ የተነሣሁ እንደሆነ ግን እስከ ማታ ስነጫነጭ ነው የምውለው።

እናቴ ዳንቴል የተማረችው ትምህርት ቤት፣ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። የእሷ ትውልድ ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ራዲዮኑን ሁሉ ዳንቴል አልብሷል። እኛ ደግሞ ያን ሁሉ ነጭ ነገር «የድሮ ነው» ብለን ገፈን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትነው፤ ዛሬ የኪሮሽ ቦርሳና ኮፍያ ፋሽን ሆኖ ሲመጣ በውድ ዋጋ እንገዛለን። እናቴ ይህን ስታይ ምንም አትልም፤ ፈገግ ብቻ።

ለማያውቀው ሰው የኪሮሽንና የሹራብን ልዩነት ልንገር። ዳንቴል የሚሠራበት ኪሮሽ ጫፉ መንጠቆ የሆነ አንድ ዘንግ ነው። ክሩን እየሳበ አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ ያሾልካል፤ በተለመደው አሠራር አንዱን ዓይን ጨርሳችሁ ወደሚቀጥለው ስታልፉ ዘንጉ ላይ የሚቀረው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ሹራብ የሚሠራው በሁለት ረጃጅም መርፌዎች ነው፤ የመስመሩ ቀለበቶች በሙሉ መርፌው ላይ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ ካመለጠ ከሥሩ ያሉት እየተከታተሉ ይተረተራሉ። ስለዚህ ለጀማሪ ኪሮሽን እመክራለሁ፤ ሲበላሽ ክሩን መሳብ፣ ደግሞ መጀመር ነው። ሌላም የምወድለት ነገር አለው። ሹራብን ፋብሪካ በማሽን ያመርተዋል፤ እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ግን እስከ ዛሬ የሰው እጅ ይፈልጋል። ማሽን የሚያወጣው የሚመስለውን ነው።

መጀመሪያ የሚገዛው መካከለኛ ውፍረት ያለው ክርና 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ነው። የክሩ ቀለም ፈካ ያለ ይሁን፤ በጥቁርና በጥቁር ሰማያዊ ክር ላይ ጀማሪ ቀዳዳውን ለይቶ አያየውም። የምትሠሩት ለድስት መያዣ ወይም ለትኩስ ነገር ማስቀመጫ ከሆነ ክሩ ጥጥ መሆን አለበት። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር በሙቀት ይቀልጣል።

አያቴ ኪሮሽ አታውቅም ነበር፤ የሷ እንዝርት ነው። በግራ እጇ ከባዘቶው ክሩን እየመዘዘች፣ በቀኝ እጇ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቀው፣ ክሩ እየከረረ ሲረዝም አሁንም ይታየኛል። ጋቢ አራት ድርብ ነውና ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፍትል የስንት ወር ልፋት እንደሆነ አስቡት። በብርዳማው መንዝ ደግሞ ሴቶቹ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ባናና ዝተት የሚባሉትን የሱፍ ልብሶች ይሸምናሉ። እኔ ዛሬ «የመዝናኛ ሥራ» የምለው ለእነሱ ግዴታ ነበር። አያቴን «ለመዝናናት ነው የምሠራው» ብላት ኖሮ ሳትስቅብኝ አትቀርም ነበር፤ እሷ ካልፈተለች ቤተሰቡ ይበርደዋል።

እሑድ ክር አልነካም። ታች ፎቅ የሚኖሩት እማማ አንድ ሰንበት በረንዳ ላይ አይተውኝ «ልጄ፣ በእሑድ?» ብለውኛል፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም፣ ግን በቃ። በአያቴም ቤት በበዓል ቀን እንዝርት አይነሣም ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ እሠራለሁ፣ እሑድ የተሠራውን አያለሁ፤ ጎመን ለወጥ መቁረጥ ግን ሥራ ተብሎ አይቆጠርብኝም።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ «ጓሮዬ» የምለው በረንዳው ላይ የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች ነው። ጀሪካኑ ሆዱ ላይ ረጅም መስኮት ይቀደድለታል፣ ሥሩ በጋለ ሚስማር ይበሳል፣ ከዚያ አፈርና ብስባሽ ተደባልቆ ይሞላል። ብስባሹን የማዘጋጀው ከአትክልት ልጣጭና ከቡና አተላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚተክል ሰው ከቆስጣ የሚሻል የለም። አንዷ የቆስጣ ዘር የበርካታ ዘሮች ጥርቅም ስለሆነች ካንድ ቦታ ሦስት አራት ሆና ትበቅላለች፤ ጠንካራዋን ትቶ ሌሎቹን ማሳሳት ነው። ከሁለት ወር በኋላ የውጪዎቹን ቅጠሎች እየቆረጣችሁ የመሐሉን ቡቃያ ካልነካችሁት ለወራት ትመግባችኋለች። ካሮት ተነቅሎ መተከል አይወድም፤ እዚያው በሚያድግበት ቦታ፣ ድንጋይ በሌለው ለስላሳ አፈር ላይ ይዘራ። ጤና አዳም ካንድ ቅርንጫፍ ይያዛል፤ ጎረቤት ከመለመን በስተቀር ወጪ የለውም። ጎመኑን የሚያስቸግረው ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ነው። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ፤ ተሰብስቦ የምታገኙት እዚያ ነው። ትንሽ ሳሙና የገባበት ውሃ ብትረጩበት ይቀንሳል።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤቶች የያዙትን ይዘው ይመጣሉ። አንዷ ከአገር ቤት የተላከላትን ሰንደዶና አክርማ ይዛ ስፌት ትሰፋለች፤ ሣሩ የሚለቀመው በዚሁ በመስከረም ነው። ወስፌዋ ስፌቱን ስትወጋ የምታሰማውን ድምፅ ጨዋታው ሞቅ ሲል እንኳ እሰማዋለሁ።

ከመካከላችን አንድ ሰው ሁልጊዜ «ለምን አትሸጪውም?» ይለኛል። ዘንድሮ ሰው የሚወደውን ሁሉ ቢዝነስ አድርግ ይባላል። እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ልመልስ፦ አንድ የአልጋ ልብስ የሚፈጀው ሰዓት በደመወዝ ቢሰላ ዋጋውን የሚከፍል አይገኝም። ቢገኝም የደንበኛ ቀጠሮ ያለበት ዳንቴል ሌላ መዝገብ ነው፤ መዝገብ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይበቃኛል። ለኑሮዋ የምትሠራውን አላናንቅም፣ እንጀራዋ ነው። የኔ ግን አይሸጥም።

ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ክር ስትገዙ የድቡልቡሉን ወረቀት አንብቡ። ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የተነከረበት ዙር ቁጥር አብሮ የተጻፈ ካለ ሁሉም ላይ አንድ መሆኑን እዩ። ከተለያየ ዙር የተገዛ «ያው ነጭ» ሶፋው ላይ ሲዘረጋ ሁለት ዓይነት ነጭ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚበቃችሁን አንዴ ግዙ።