ብስክሌት ጭኖ ዓባይን ለመሻገር የትኛው መጫኛ ያዋጣል?

በበዓል ሰሞን ቤተሰቡን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ለሚጓዝ ባለመኪና ሻንጣውና ስንቁ ብዙም አያስቸግሩትም። የሚያስቸግረው የልጆቹ ብስክሌት ነው። ልጆቹም አልተሳሳቱም። ከደጀን ወዲያ ሉማሜን አልፎ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው የጤፍ ሜዳ ከአዲስ አበባ ዳገትና ግፊያ ይልቅ ለብስክሌት የተመቸ ነው። ስለሆነም አባት ገበያ ወጥቶ የብስክሌት መጫኛ ይጠይቃል፤ የቀረበለትን ይገዛል፤ መኪናው ላይ ሊገጥመው ሲሞክር ግን እምቢ ይለዋል።

ስህተቱ የሚጀምረው ከአጠያየቁ ነው። መጫኛ የሚመረጠው በመጀመሪያ በመኪናው፣ ቀጥሎም በሚኬድበት መንገድ ነው። ብስክሌቱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያልጠበቀ ገዢ ገንዘቡን ብረት አድርጎ ጋራዡ ውስጥ ያስቀምጣል።

በውጭ ገበያ የሚገኙት ዓይነቶች በርካታ ቢሆኑም በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። አንደኛው ጣሪያ ላይ የሚገጠመው፣ እኛ ፖርቶ መጋላ የምንለው ነው። ሁለተኛው በኋላ በር ላይ በቀበቶ ታስሮ ፓራውልቱን ተደግፎ የሚንጠለጠል ነው። ሦስተኛው ተሳቢ መጎተቻው ላይ የሚሰካ ነው። ትርፍ ጎማቸው ከኋላ በር ላይ ለተሰቀለ መኪኖች ደግሞ ጎማው ላይ የሚታሰር አለ።

መካኒክ ቢጠየቅ ከሁሉም የሚሻለው መጎተቻ ላይ የሚሰካው ነው ሊል ይችላል። ዝቅ ያለ በመሆኑ ለመጫን አያደክምም፤ የመኪናውንም ቀለም አይነካም። ነገር ግን እዚህ አገር የሚነዱት እንደ ቪትዝና ያሪስ ያሉ ትናንሽ አውቶሞቢሎች በአብዛኛው መጎተቻ የላቸውም። ለእነርሱ መጎተቻ ማሠራት ከመጫኛው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። በዚያ ላይ ከመኪናው ጀርባ ወጥቶ የሚቀር በመሆኑ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በበዛበት መንገድ መሬት ይነካል።

በቀበቶ የሚታሰረው ርካሽ ነው። ዋጋው በውጭ ከ60 እስከ 200 የአሜሪካ ዶላር ይደርሳል፤ ተጣጥፎም ሻንጣ ውስጥ ስለሚገባ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሊይዘው ይችላል። ለጎጃም መንገድ ግን ሁለት ችግር አለበት። የመጀመሪያው ኬላ ነው። ፍተሻ ባለበት መንገድ ላይ የኋላ በር መከፈቱ አይቀርም፤ በሩን ለመክፈት ደግሞ ብስክሌቶቹ ሁሉ ወርደው ቀበቶው መፈታት አለበት። ይህ በአንድ ጉዞ ሦስትና አራት ጊዜ ቢደጋገም የቤተሰቡ ሽርሽር ወደ ጫኝና አውራጅነት ይለወጣል። ሁለተኛው፣ ብስክሌቱ ታርጋውንና የኋላ መብራቱን ይሸፍናል። ይህ በትራፊክ ፖሊስ ከማስቀጣቱ በላይ በጉም ሰዓት ከኋላ ለሚመጣው ከባድ መኪና አደገኛ ነው። የብስክሌቱ ጎማ ከማርሚታው ፊት ለፊት ከዋለ ደግሞ ዳገት ላይ የሚወጣው የጋለ ጭስ ጎማውን ያቀልጠዋል።

ስለዚህ ለአብዛኛው ባለአውቶሞቢል የሚቀረው ጣሪያው ነው። ማጭበርበርና መታለል የሚበዛውም እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንየው።

የጥንቱ ዲኤክስ ኮሮላና ላንድ ክሩዘር በጣሪያቸው ጠርዝ የዝናብ ውኃ መውረጃ ቦይ አላቸው። ማንኛውም ብየዳ ቤት ከቱቦላሬ የሠራው ፖርቶ መጋላ እዚያ ቦይ ላይ ቆንጥጦ ይይዛል። የኋላ ኋላ የተሠሩት አውቶሞቢሎች ግን ይህ ቦይ የላቸውም። እነርሱ የሚፈልጉት በበሩ ክፈፍ ላይ የሚቆናጠጥ፣ ለዚያው ሞዴልና ለዚያው ዘመን ብቻ የተለካ እግር ነው። ባለሱቁ "ለሁሉም ይሆናል" ካለ መጠርጠር ይገባል። እንደ ስዊድኑ ቱለ ያሉ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጣሪያ መጫኛ ማምረት የጀመሩ ኩባንያዎች ዘንጉን ለብቻ፣ እግሩን ለብቻ፣ የሞዴሉን መግጠሚያ ለብቻ የሚሸጡት በከንቱ አይደለም። አስመጪ ለመሆን ለሚያስብ ነጋዴም ይኸው ነጥብ የሥራው ዋና ሥጋት ነው፤ ዘንጉ ይሸጣል፣ ያልተመጣጠነው መግጠሚያ መጋዘን ያድራል።

ጣሪያውን በስቶ በቡሎን ማሰር አንዳንድ ጋራዦች የሚያቀርቡት መፍትሔ ነው። አይመከርም። ክረምት ሲገባ ውኃው ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ መኪናው ሲሸጥም ገዢው ቀዳዳውን ቆጥሮ ዋጋ ይቀንሳል። አገር ውስጥ የሚሠራውን የሚመርጥ ሰው ብየዳው ዙሪያውን የተያያዘ መሆኑን፣ ከቀለሙ በፊትም አንቲረስት መቀባቱን በዓይኑ ማየት አለበት። ነጥብ ነጥብ የተበየደ ብረት ቆሞ ሲታይ ጠንካራ ይመስላል፤ በመንገዱ ንዝረት ግን ይሰነጠቃል።

ክብደቱስ? የጣሪያው ልክ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ብዙ አውቶሞቢሎች ከ50 እስከ 75 ኪሎ ይፈቅዳሉ፤ መጫኛው ራሱም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ልኩ 50 ኪሎ ነው እንበል። ብረቱና መያዣው 12 ኪሎ፣ የአባት ብስክሌት 17 ኪሎ፣ የሁለቱ ልጆች 10፣ 10 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 49 ኪሎ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ሻንጣ እንኳ ቢታከል ልኩ አለፈ። ሞተር ያለው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ ስለሚበልጥ ሒሳቡን ያበላሸዋል።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ከአዲስ አበባ እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው 185 ኪሎ ሜትር ገደማ በአመዛኙ ደጋ ሜዳ ነው፤ ጣሪያ ላይ ያለ ብስክሌት ነዳጅ የሚበላውም እዚያ ነው። የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚገጥመው ግፊት በ40 ከሚገጥመው አራት እጥፍ ይሆናል። በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር የሚጠጣ መኪና ፍጆታው በ15 ከመቶ ቢጨምር በ600 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 5.4 ሊትር ትርፍ ያወጣል። ይህ ብዙ አይደለም። ብዙ የሚሆነው ፖርቶ መጋላውን ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ጭኖ ለሚዞር ሰው ነው።

ከጎሃ ጽዮን ሸለቆው ይጀምራል። መንገዱ 2,500 ሜትር ገደማ ከሆነ ከፍታ ተነስቶ፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ እስካለበት ቆላ ድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። ሁሉም በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ሰምጧል። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ እዚህ ላይ የአየሩ ጉዳይ ይቀርና የክብደቱ ከፍታ ይመጣል። ጣሪያ ላይ የተጫነ 50 ኪሎ በጠመዝማዛው ላይ መኪናውን ወደ ውጭ ያጋድለዋል፤ አስፋልቱ በሰመጠበት ስፍራ ሲንገጫገጭም ያላላው ዳዶ ይፈታል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ጎሃ ጽዮን ላይ ቆሞ፣ ከወጡም በኋላ ደጀን ላይ ቆሞ ቀበቶውንና ዳዶውን በእጅ መፈተሽ ይገባል። ብስክሌቱ ወድቆ ከኋላ የሚመጣን ሞተረኛ ወይም በመንገዱ ዳር የሚሄድን ገበሬ ቢመታ ተጠያቂው አሽከርካሪው ነው። መጫኛው በመድን ውሉ ካልተጠቀሰ ለብረቱም ለብስክሌቱም ካሳ አይጠበቅም፤ ይህን አስቀድሞ ከመድን ድርጅቱ ጋር መነጋገር ነው።

የጸጥታውንም ጉዳይ አለማንሳት አይቻልም። በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ይህ መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። ከመነሳት በፊት የአገር አቋራጭ ሹፌሮችን መጠየቅ ከማንኛውም መጫኛ ይቀድማል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሳይጠቀስ አይታለፍም። የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ 150 ዶላር የሚያወጣ መጫኛ ቀድሞ 8,550 ብር የነበረው ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ 15,000 ብር አለፈ። በዓመት ሦስት ጊዜ ለአምስት ዓመት ቢሠራ እንኳ በአንድ ጉዞ 1,000 ብር ይደርሳል። በወር በወሩ ለሚመላለስ ያዋጣል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለፋሲካ ብቻ ለሚሄድ ግን በአንድ ጉዞ 3,000 ብር መሆኑ ነው።

ለዚህኛው ሰው ሁለት ርካሽ መንገዶች አሉ። አንደኛው ብስክሌቱን በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ጣሪያ ልኮ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ላይ መቀበል ነው፤ ክፍያው ከረዳቱ ጋር በድርድር ያልቃል፤ ሰንሰለቱ ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ ካልተጫነ ግን ማርሹ ተጣምሞ ይደርሳል። ሁለተኛው የፊት ጎማውን አውልቆ፣ የኋላ ወንበሩን አጥፎ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ውስጥ ማስገባት ነው። ቪትዝ እንኳ ሁለት የልጅ ብስክሌት በዚህ ዓይነት ይይዛል፤ በአንድ ወገን ያለው የኋላ ወንበር ለአንድ ልጅ ይተርፋል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ለብቻቸው የሚታዩ ናቸው። ብዙዎቹ ጣሪያቸው መስታወት ነው፤ የውኃ ቦይም የላቸውም። የጣሪያቸው ልክ በመመሪያው ላይ ካልተጻፈ ምንም ባይጫን ይሻላል። የአየሩ ግፊትም በእነርሱ ላይ የሚታየው በሊትር ሳይሆን በሚጓዙት ርቀት ነው፤ ባትሪው ደብረ ማርቆስ ያደርሳል ተብሎ ከተሰላ ስሌቱ ብስክሌቱ ተጭኖ መሠራት አለበት።

የመኪና አከራይ ድርጅቶች መጫኛውን ከመኪናው ጋር ለበዓል ሰሞን ቢያከራዩ በዓመት አንዴ ለሚጓዘው ወጪው ይቀልለታል፤ ለአከራዩም ብረቱ በየቤቱ ከሚቀመጥ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። የሚያከራዩት መኪና በአብዛኛው የአንድ ሞዴል ከሆነም ያ አስቸጋሪ የመግጠሚያ ጉዳይ አንድ ዓይነት ብቻ ይሆናል። የጣሪያ ጭነት ይዞ ደብረ ማርቆስ የሚገባ ሰው ግን የሆቴሉን ወይም የዘመዱን የግቢ በር ከማለፉ በፊት ወርዶ ከፍታውን ይመልከት። ቆሞ የተጫነ ብስክሌት ያለበት ቪትዝ 2.6 ሜትር ገደማ ይሆናል።