ጣሪያ አልባዋ ፌራሪ ኤፍ 50 በጎጃም ደጋ ብትነዳ

በደብረ ማርቆስም ሆነ በደጀን ወደ አንድ ጋራዥ ጎራ ብሎ የመካኒኮችን ጭውውት የሚያዳምጥ ተማሪ ሳያውቀው ጣሊያንኛ ይማራል። መኪና፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ፖርቶመጋላ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ቃላት ናቸው። ይሁንና ጣሊያኖች በመኪና ሥራ የደረሱበትን የመጨረሻ ጥበብ የሚያሳዩት መኪኖች በመንገዶቻችን ላይ እምብዛም አይታዩም። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ ውስጥ አንዷን፣ ፌራሪ ኤፍ 50ን፣ በሐሳብ ወደ ጎጃም ደጋ አምጥተን በፊዚክስ ሚዛን እንመዝናታለን። ፈተናው የቅንጦት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ይህችን መኪና የሚፈትኑት ሕጎች በየቀኑ የዓባይን በረሃ የሚያቋርጡትን አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖችም ይገዛሉና።

መኪናዋ

ፌራሪ ኤፍ 50 ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1995 በጄኔቭ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ስያሜዋ ኩባንያው የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ያስታውሳል። እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት 349 ብቻ ሲሆኑ፣ ኩባንያው ገበያው ይፈልጋል ብሎ ከገመተው ቁጥር አንድ አሳንሶ ለመሥራት ወስኖ እንደነበር ይነገራል። ባለ 12 ሲሊንደርና 4.7 ሊትር የሆነው ሞተሯ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1990 በፎርሙላ ዋን ውድድር የተሰለፈው የፌራሪ ሞተር ነው። በደቂቃ 8500 ጊዜ ሲሽከረከር 520 የፈረስ ጉልበት ያመነጫል። መኪናዋም በሰዓት እስከ 325 ኪሎ ሜትር ትፈተለካለች።

ጣሪያዋ ተነቃይ ነው። ጣሊያኖች እንዲህ ያለውን ክፍት የስፖርት መኪና «ባርኬታ» ይሉታል፤ ትንሽ ጀልባ ማለት ነው። የጣናን ታንኳ ያየ ሰው የስያሜው ምክንያት ወዲያው ይገባዋል።

ኤፍ 50ን ለፊዚክስ ተማሪ ማራኪ የሚያደርጋት ግን ያላት ነገር ብቻ ሳይሆን የሌላት ነገር ጭምር ነው። መሐንዲሶቿ ሞተሩን በአየር የሚያግዘውን ተርቦ አላስገቡላትም። ጣሪያዋንም የመኪናዋ ጥንካሬ ምሰሶ አላደረጉትም። የነጂውን እግር የሚያግዝ የፍሬን መሣሪያም ሆነ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤ.ቢ.ኤስ. የላትም። ከመኪና ላይ አንድ አካል ሲቀነስ ያ አካል ይሠራው የነበረውን ሥራ ሌላ ነገር ሊሸከመው ግድ ነው። የጎጃም ደጋ ደግሞ ይህን ሒሳብ አንድ በአንድ የሚጠይቅ ምድር ነው።

የመጀመሪያው ፈተና፦ ስስ አየር

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚፈላው፣ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈልጉትም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ሞተር ነዳጅ ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል። ተርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው የአየር ይዘት አይለወጥም፤ በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ግን በእኩል የሙቀት መጠን በሩብ ያህል ይቀንሳል። የሚቃጠለው ነዳጅም በዚያው ልክ ያንሳል። በመሆኑም የኤፍ 50 520 የፈረስ ጉልበት በደብረ ማርቆስ ወደ 390 ይወርዳል ማለት ነው። ከእርሷ በፊት እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣችው ፌራሪ ኤፍ 40 ግን ሁለት ተርቦዎች ነበሯት። ተርቦ በጭስ ማውጫው ጋዝ እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ስለሚያስገባ ከጎደለው ብዙውን መተካት ይችላል። በደጋ መንገዶቻችን ላይ የሚሠሩ የናፍጣ መኪኖች ተርቦ የሚጠቅማቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ሞተሩ ሩብ አቅሙን ካጣ የመኪናዋ ከፍተኛ ፍጥነትም በሩብ ይቀንሳልን? አይቀንስም። በከፍተኛ ፍጥነት መኪናን በዋነኛነት የሚይዛት የአየር ግጭት ነው። ይህን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው አቅም ከአየሩ እፍግታና ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ በሩብ ይደክማል፤ ተቃውሞውም በሩብ ይቀንሳል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ስለዚህ በሜዳ መንገድ ከፍተኛ ፍጥነቷ እንደነበረ ሊቆይ ይችላል። በዳገት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የምድር ስበት ከአየሩ ጋር አይሳሳም። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጣ የጎደለው ሩብ ሙሉ በሙሉ ይታወቃል።

ሁለተኛው ፈተና፦ የጣሪያው ጉድለት

የፊት ቀኝ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባና የኋላ ግራ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ የመኪናው አካል እንደ እርጥብ ልብስ ሊጠመዘዝ ይሞክራል። በመሬት መንሸራተት በሚጎዳው የዓባይ በረሃ መንገድ ላይ ይህ የዘወትር ገጠመኝ ነው። ጣሪያ ዝናብና ፀሐይ መከላከያ ብቻ አይደለም፤ አካሉን ዘግቶ ጥምዘዛን የሚቋቋም ማሰሪያ ጭምር ነው።

ይህን በአንድ ወረቀት መሞከር ይቻላል። ከደብተራችሁ አንድ ቅጠል ገንጥላችሁ እንደ ቱቦ ጠቅልሉት፤ ጠርዙንም ከዳር እስከ ዳር በፕላስተር አጣብቁት። በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ስታጠማዝዙት ይቋቋማችኋል። ቀጥሎ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች በመቀስ ሰንጥቁትና እንደገና ሞክሩ፤ ያለ ምንም ችግር ይጠመዘዛል። ወረቀቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው። ራዲየሱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ ብንወስድ፣ ያልተሰነጠቀው ከተሰነጠቀው 7500 ጊዜ ያህል የበለጠ ጥምዘዛን እንደሚቋቋም ስሌቱ ያሳያል።

መኪና ቀላል ቱቦ ባይሆንም ትምህርቱ ይሠራል። ጣሪያን የሚተው መሐንዲስ ጥንካሬውን ከወለሉና ከጎኖቹ ማግኘት አለበት። የኤፍ 50 ሠሪዎች ነጂውን የሚይዘውን ክፍል እንዳለ ከካርቦን ፋይበር አበጁት። ሞተሩንም በቀጥታ ከዚሁ ክፍል ጋር አሰሩትና የመኪናዋ የአጽም አካል አደረጉት። የኋላ ጎማዎቹ ኃይል በካምቢዮውና በሞተሩ በኩል ወደ ፊት ይተላለፋል። ዋጋው ግን አልቀረም፤ የሞተሩ ንዝረት ያለ ከልካይ ወደ ነጂው ይደርሳል።

ካርቦን ፋይበር በሐሳቡ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። የቤት ግድግዳ ሲመረግ ጭቃው ውስጥ የጤፍ ጭድ ይገባበታል። ጭቃ ብቻውን ይሰነጠቃል፤ ጭድ ብቻውን ይተጣጠፋል፤ ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን ጭዱ መሳሳብን፣ ጭቃው መጨመቅን ይሸከማሉ። በካርቦን ፋይበር የጭዱን ቦታ ቀጫጭን የካርቦን ክሮች፣ የጭቃውን ቦታ ጠንካራ ሙጫ ይዘዋል። ክሮቹ ንብርብር በንብርብር በእጅ ተደርድረው በሙቀትና በግፊት ስለሚበስሉ ሥራው ጊዜ ይፈጃል። እንዲህ ያሉ መኪኖች በጥቂት ቁጥር የሚሠሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ፈተና፦ የዓባይ ቁልቁለት

ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 1400 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወርዳል። የኤፍ 50 ባዶ ክብደት 1230 ኪሎ ግራም ነው፤ ከነጂውና ከነዳጁ ጋር 1400 ኪሎ ግራም እንበለው። መጠነ ቁሱን በስበት ፍጥንጥነትና በከፍታው ስናባዛው 19 ሚሊዮን ጁል ያህል እናገኛለን። መኪናዋ ታች ስትደርስ ፍጥነቷ ካልጨመረ ይህ ሁሉ ኢነርጂ ወደ ሙቀት ተለውጧል ማለት ነው። ሙቀቱ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃን ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ እስከሚፈላበት ድረስ ለማሞቅ ይበቃል።

አሁን በእርሷ ቦታ ከነጭነቱ 30,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን የጭነት መኪና እንተካ። ኢነርጂው 412 ሚሊዮን ጁል ይሆናል፤ ጀሪካኖቹም ከ3 ወደ 68 ያሻቅባሉ። ቁልቁለቱን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ጉዞው 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ በእነዚህ 40 ደቂቃዎች ውስጥ በየሰኮንዱ 172,000 ጁል መወገድ አለበት። ይህም ወደ 50 የሚጠጉ የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድነት ሲሠሩ የሚሰጡት ሙቀት ነው። የተወሰነውን የአየርና የጎማ ሰበቃ ይወስደዋል፤ ቀሪው የፍሬኑና የሞተሩ ድርሻ ነው።

ሾፌሩ ሁሉንም ለፍሬን ከተወው ሁለት አደጋዎች ይጠብቁታል። አንደኛ፣ የፍሬኑ ሸራ ከልክ በላይ ሲግል ሰበቃው ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይያዝም። ሁለተኛ፣ በዘይት በሚሠራ ፍሬን ላይ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል። ፈሳሽ አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። በቱቦው ውስጥ አረፋ ከተፈጠረ የእግር ግፊት አረፋውን በማመቅ ያልቃል እንጂ ጎማው ዘንድ አይደርስም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየመጠጠ ሲያረጅ የሚፈላበት ሙቀት ስለሚወርድ በወቅቱ መቀየር አለበት።

መፍትሔው ሙቀቱ የሚወጣበትን ሌላ በር መክፈት ነው። ማርሽ ሲቀነስ ጎማዎቹ ሞተሩን በግድ ያሽከረክሩታል፤ ኢነርጂውም በሞተሩ ውስጥ አየር በማመላለስና በሰበቃ ይባክናል። ሙቀቱ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ይወጣል። በብዙ ከባድ መኪኖች ላይ ያለው፣ የጭስ ማውጫውን በመዝጋት የሚሠራው ፍሬን ይህን ያጠናክራል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽን ዜሮ አድርጎ መውረድ ግን ይህን በር ዘግቶ 68ቱን ጀሪካን ለፍሬኑ ማሸከም ነው።

በ349 ቁጥር ብቻ የተሠራችው መኪናና በየቀኑ ከደጀን የሚወርደው አውቶቡስ በዚህ ሒሳብ ፊት አንድ ናቸው። ለመለያየት አንድ ጥያቄ እንተውላችሁ። ከነተሳፋሪዎቹና በፖርቶመጋላው ላይ ካለው ጭነት ጋር 12,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶቡስ ይህንኑ ቁልቁለት ይወርዳል። ሾፌሩ በማርሽ ስለያዘው የሙቀቱን ሁለት ሦስተኛ ሞተሩ ቢወስድለት ለፍሬኑ ስንት ጀሪካን ይቀርለታል? ሞተሩን ዜሮ ማርሽ ላይ ቢያደርገውስ? መልሱን ከጓደኞቻችሁ ጋር ከሠራችሁ በኋላ፣ በሚቀጥለው ጉዟችሁ አውቶቡሱ ዓባይን ሲወርድ የሞተሩን ጩኸት አዳምጡ፤ ለፍሬኑ ከሚተርፈው ጭነት ላይ የሚቀንስላችሁ እርሱ ነው።